ዳኛ የሚያስር መሪ «ጠንካራ» አይባልም!

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሃባዎቻቸው ላይ ይውረድ።



ፓኪስታን እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2025 27ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀች። በማሻሻያው ፊልድ ማርሻል ለሆነው የጦር አዛዥ የዕድሜ ልክ ያለመከሰስ መብት ተሰጠው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እጅ ወጥተው ለአዲስ ፍርድ ቤት ተሰጡ። ዳኞችን ያለ ፈቃዳቸው ከቦታ ቦታ ማዛወር ተፈቀደ። ሁለት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች፣ መንሱር ዐሊ ሻህ እና አጥሀር ሚነላህ፣ በዚህ ሥር አንሠራም ብለው ሥራቸውን ለቀቁ።

ይህን የመሰለ ዜና በመጣ ቁጥር ከወጣቶቻችን አፍ የማይጠፉ ሦስት ንግግሮች አሉ።

አንዱ፦ «ኡማው የሚያስፈልገው ጠንካራ መሪ ነው፤ ዳኛ እጁን ሊይዘው አይገባም» ይላል።

ሁለተኛው፦ «እነዚያ ዳኞች የሚፈርዱት እንግሊዝ ጥሎት በሄደው ሕግ ነው። ቢታሰሩስ፣ ቢባረሩስ እኛን ምን አገባን?» ይላል።

ሦስተኛው ደግሞ ዲንን ይዞ ይመጣል፦ «መሪን መታዘዝ ዋጂብ ነው፤ መሪን የሚቃወም ዳኛ ፊትና ቀስቃሽ ነው» ይላል።

ወንድሜ! ሦስቱም ውድቅ ናቸው። ውድቅነታቸውን በስሜት ሳይሆን በራሷ በፓኪስታን ታሪክ እና ዑለማዎቻችን ባስተማሩን ሚዛን እናሳይህ። ታገስና እስከ መጨረሻው አንብብ።

▪️ «አልለቅም» ያለው ዳኛ

እ.ኤ.አ ማርች 9 ቀን 2007፣ ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው ጄኔራል ፐርቬዝ ሙሻረፍ የሀገሪቱን ጠቅላይ ዳኛ ኢፍቲኻር ሙሐመድ ቻውድሪን ራዋልፒንዲ ወደሚገኘው የጦር አዛዥ ቢሮው አስጠራቸው። ሙሻረፍ ወታደራዊ ልብሱን ለብሷል። የስለላ አለቆቹም በቦታው ነበሩ። «ሥልጣንህን ያለ አግባብ ተጠቅመሃል» የሚል ክስ ተዘረዘረላቸውና ሥራ እንዲለቁ ተጠየቁ።

ዳኛው እምቢ አሉ።

ለሰዓታት እዚያው አቆዩዋቸው። አሁንም እምቢ አሉ። በዚያው ቀን ከሥራ ታገዱ፤ በቦታቸውም ሌላ ተጠባባቂ ተሾመ። ከአራት ቀን በኋላ ወደ ችሎት ሲሄዱ ፖሊሶች መንገድ ላይ አንገላቷቸው። አንድ ፖሊስ የዳኛውን ፀጉር ይዞ ሲጎትት የሚያሳየው ፎቶ በመላ ሀገሪቱ ተሰራጨ።

ከዚያ የሆነውን ሙሻረፍ አልጠበቀውም። ጥቁር ኮት የለበሱ ጠበቆች ከየከተማው ወጡ። ዱላ ተመቱ፣ አስለቃሽ ጋዝ ተተኮሰባቸው፣ ግን ወደ ቤታቸው አልገቡም። በሜይ ወር ዳኛው ከኢስላማባድ ወደ ላሆር በመኪና ሲሄዱ ጠበቃቸው ኢዕቲዛዝ አሕሰን መሪውን ይዞ ነበር። የአራት ሰዓት ያህሉ መንገድ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ፤ ሕዝቡ በየመንደሩ እየወጣ መንገዱን ሞልቶት ነበርና። ሜይ 12 ቀን ካራቺ ሲገቡ ግን መንገዱ ተዘጋ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዳኛው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ ተመለሱ። ጁላይ 20 ቀን 13 ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት እገዳውን ሽሮ ወደ ወንበራቸው መለሳቸው።

ሙሻረፍ ግን አላረፈም። የጦር ልብሱን ሳያወልቅ ለፕሬዝዳንትነት መወዳደር ይችል እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ሊወስን ሲል፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2007 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ሕገ መንግሥቱን አገደና ዳኞች ሁሉ በእሱ ትእዛዝ ላይ አዲስ ቃለ መሐላ እንዲፈጽሙ አዘዘ። 60 የሚያህሉ የከፍተኛና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አልማልንም አሉ። ዋናው ዳኛ ከሚስትና ከልጆቻቸው ጋር በቤታቸው ውስጥ ከአራት ወር በላይ ታሰሩ።

እንግዲህ ፍረድ ወንድሜ። መሣሪያ ታጥቆ፣ ጦር አሰልፎ፣ የአንድን ሰው ልጆች ቤት ውስጥ የሚቆልፍ ነው ጠንካራው? ወይስ አንድም ወታደር ሳይኖረው «አልለቅም» የሚለው?

▪️ «የእንግሊዝ ሕግ ነው» ለምትለው

አሁን ወደ ሁለተኛው ንግግር እንምጣ። ሙሻረፍን ያስቆጣው ምን ነበር? ዳኛው ምን አደረጉ?

አንደኛ፣ እ.ኤ.አ በ2006 መንግሥት የሀገሪቱን ትልቁን የብረት ፋብሪካ ለግል ባለሀብቶች ሊሸጥ ሲል ፍርድ ቤቱ የአሻሻጡ ሒደት ሕግን የጣሰ ነው ብሎ ሽያጩን ሻረው። የሕዝብ ሀብት የሙስሊሞች ሀብት አይደለምን?

ሁለተኛው ይበልጥ ያማል። «ሽብርን መዋጋት» በሚል ስም ሰዎች ከመንገድ፣ ከቤታቸው፣ ከመድረሳ እየተያዙ ይጠፉ ነበር። እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን የት እንዳሉ አታውቅም። ሙሻረፍ ራሱ እ.ኤ.አ በ2006 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ 689 ሰዎችን ይዘው 369ኙን ለአሜሪካ አሳልፈው እንደሰጡ፣ ለዚህም በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ጉርሻ እንዳገኙ ጽፏል። ይህን የጻፈው ጠላቱ አይደለም፤ ራሱ ነው!

እነዚያ ሚስቶችና እናቶች የጠፉባቸውን ሰዎች ፎቶ ይዘው ፍርድ ቤት ደጃፍ ሲቀመጡ፣ የስለላ መሥሪያ ቤቶችን «እነዚህ ሰዎች የት ናቸው? አምጧቸው» ብሎ የጠየቀ ማን ነው? ያ «በእንግሊዝ ሕግ ይፈርዳል» ብለህ የናቅከው ዳኛ ነው። ሰዎቹን ለባዕድ በገንዘብ ያስረከበውስ? ያ «ጠንካራ የሙስሊም መሪ» ያልከው ጄኔራል ነው።

የሕጉ ምንጭ ጥያቄ ትልቅ ርዕስ ነው፤ ዑለማዎች በቦታው ይናገሩበታል። ነገር ግን በዙልም የታሰረን ሰው የሚያስፈታ ሰው ሥራው ሐቅ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት፣ በጃሂሊያ ዘመን፣ በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ለተበደለ ሰው ለመቆም የተደረገውን ስምምነት ተካፍለው ነበር። በኢስላም ዘመን ቢጠሩበትም እንደሚቀበሉት ተናግረዋል። የተስማሙት እኮ ሙሽሪኮች ነበሩ! ተበዳይን መርዳት ከማንም ይምጣ ሐቅ መሆኑን ከዚህ በላይ ምን ያስረዳሃል?

▪️ «መሪን መታዘዝ ዋጂብ ነው» ለምትለው

አዎን፣ መታዘዝ ዋጂብ ነው። ግን ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታዘዝ በመልካም ነገር ብቻ እንደሆነ፣ ፈጣሪን በማመፅ ለፍጡር መታዘዝ እንደሌለ አስተምረዋል። በዙልማ መሪ ፊት የሐቅን ቃል መናገርንም ከጂሃዶች ሁሉ የበለጠ ብለውታል። ዳኛ ደግሞ ሥራው ራሱ የሐቅን ቃል መናገር ነው። ዝም ካለ ምን ሥራ ቀረው?

የመኽዙም ጎሳዋ ሴት ስትሰርቅ ቁረይሾች ኡሳማን (ረ.ዐ) አማላጅ አድርገው ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላኩ። እሳቸውም ተቆጡ። ከእኛ በፊት የነበሩት የጠፉት ትልቅ ሰው ሲሰርቅ እየተዉ፣ ደካማው ላይ ብቻ ቅጣት እየፈጸሙ መሆኑን ነገሯቸው። የገዛ ልጃቸው ፋጢማም ብትሆን ፍርዱ እንደማይቀርላት በአላህ ምለው ተናገሩ። እስቲ ይህን ሐዲስ ያዝና «የጦር አዛዡ ዕድሜ ልኩን አይከሰስም» ከሚለው አንቀጽ ጎን አስቀምጠው። የፋጢማን (ረ.ዐ) ያህል ክብር ያለው ጄኔራል ተገኘ እንዴ?!

ዑመር (ረ.ዐ) የምእመናን መሪ ሆነው ሳለ ከአንድ ሰው ፈረስ ገዙ። ሲጋልቡት ተጎዳ፤ ሊመልሱት ፈለጉ፤ ባለቤቱ አልቀበልም አለ። ሹረይሕን ዳኛ አድርገው ተቀመጡ። ሹረይሕም ወይ የገዙትን ይዘው እንዲቀሩ፣ ወይ እንደወሰዱት ጤነኛ አድርገው እንዲመልሱት ፈረደ። ዑመር ምን አደረጉት? አሰሩት? አባረሩት? የኩፋ ቃዲ አድርገው ሾሙት! የፈረደባቸውን ሰው! ጠንካራ መሪ ካልክ ይኸውልህ።

ኢማሙ አቡ ሐኒፋን (ረሒመሁላህ) ደግሞ አስታውስ። ኸሊፋው አል-መንሱር ቃዲ ሁን ሲላቸው እምቢ አሉ። የቤተ መንግሥትን ፍላጎት የሚያስፈጽም ማኅተም ከመሆን እስርን መረጡ፤ በ150 ዓ.ሂ ባግዳድ ውስጥ አረፉ። የእሳቸው መዝሀብ ታላቅ ዐሊም አል-ካሳኒ ደግሞ ወርቅ የሆነ ነገር አስቀምጠውልናል፦ ኸሊፋው ቢሞት የሾመው ቃዲ በሞቱ ከሥራው አይወርድም። ለምን? ኸሊፋው ሲሾመው የሙስሊሞች መልእክተኛ ሆኖ ነው፤ ቃዲው የሚሠራው በሙስሊሞች ስም ነው። ወንበሩ የመሪው ንብረት ቢሆን ኖሮ አብሮት ይቀበር ነበር።

ኢዝ ኢብኑ ዐብዲሰላም በካይሮ የመምሉክ አሚሮች በሸሪዓ ነፃ ስላልወጡ ግብይታቸው አይጸናም ብለው ፈረዱ። ከአሚሮቹ አንዱ የሱልጣኑ ምክትል ነበር! ሱልጣኑ ጣልቃ ሲገባ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ከከተማው ወጡ። ሕዝቡም ተከተላቸው። ሱልጣኑ ከተማው ባዶ ሊቀርበት ሲል ደርሶ መለሳቸው። አሚሮቹም በጨረታ ተሸጡ፤ ገንዘቡም ለሕዝብ ጥቅም ዋለ። የላሆር መንገድ ላይ የወጣውን ሕዝብና ይህን አስተያየው። ጠበቆቹም ሰይፍ አልመዘዙም፤ በእግራቸው ሄዱ፣ ችሎት አንገባም አሉ፣ ተመቱ። ይህን «በመሪ ላይ ማመፅ» ብሎ መጥራት የዑለማዎችን ቃል ያለ ቦታው መጠቀም ነው።

▪️ ዳኛ ሲባርከው፣ ዳኛ እምቢ ሲለው

አሁን ዋናውን ቁም ነገር ልንገርህ።

ሙሻረፍ ሕገ መንግሥት ያገደው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ በ1999፣ የተመረጠውን መንግሥት ሲገለብጥ። ያኔ በጃንዋሪ 2000 ዳኞችን ማሉልኝ አላቸው። ዋናው ዳኛ ሰዒዱዘማን ሲዲቂና ሌሎች ጥቂቶች እምቢ ብለው ወጡ። አብዛኞቹ ግን ማሉ። ከዚያም ፍርድ ቤቱ መፈንቅለ መንግሥቱን «የግድ ስለሆነ ነው» ብሎ አጸደቀው። ይህ ሰበብ አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1955 የፓኪስታን ፍርድ ቤት ገዢው የሕዝብ ምክር ቤቱን መበተኑን ያለፈው በዚሁ «የግድ ነው» በሚል መንገድ ነበር።

በመድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህን ሰበብ ወዲያው ያውቀዋል። በፊቅህ ዶሩራ የተከለከለን ነገር ይፈቅዳል። ግን ዑለማዎች እዚያው ላይ ሁለተኛ ቃዒዳ አስቀምጠዋል፦ ዶሩራ በልኩ ብቻ ይወሰዳል። በረሃብ ሊሞት የደረሰ ሰው ነፍሱን የሚያቆይበትን ያህል ይበላል እንጂ ጎረቤት ጠርቶ ድግስ አይደግስም። ጄኔራሎቹ የመጀመሪያውን ቃዒዳ ይዘው ሁለተኛውን ጣሉት፤ ለዓመታትም ሲበሉ ኖሩ።

ሁለተኛው እገዳ የ2007ቱ ነው። ያኔ ግን ዳኞቹ አንማልም አሉ።

ውጤቱን ተመልከት። ሙሻረፍ ኦገስት 18 ቀን 2008 ሥልጣን ለቀቀ። በዲሴምበር 2019 ልዩ ፍርድ ቤት በሌለበት በሀገር ክህደት የሞት ፍርድ ፈረደበት። ፍርዱ አንድ ጊዜ ተሻረ፤ እሱ በፌብሩዋሪ 2023 ዱባይ ውስጥ ከሞተ በኋላ በጃንዋሪ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልሶ አጸናው። የተፈረደበት በየትኛው ነው? በ1999ኙ መፈንቅለ መንግሥት አይደለም። በ2007ቱ እገዳ ነው! ትልቁን ጥፋት ዳኞች ስለባረኩት ሕግ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውን ዳኞች እምቢ ስላሉት ወንጀል ሆኖ ተመዘገበ። (እሱ ወደ ጌታው ሄዷል፤ ሒሳቡ ከአላህ ጋር ነው።)

ዙልም ብቻውን ዕድሜው አጭር ነው ወንድሜ። ዕድሜ የሚሰጠው የዳኛ ማኅተም ነው። ስለዚህ ነው መሪዎች መጀመሪያ ወደ ዳኛው የሚሮጡት።

▪️ ሰውን አናመልክም

እዚህ ላይ ሚዛን እንጠብቅ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ በራሳችን ላይ ቢሆንም እንኳ በፍትሕ እንድንመሰክር አዞናል።

ያ በ2007 እምቢ ያሉት ቻውድሪ በ2000 ከማሉት አንዱ ነበሩ። መፈንቅለ መንግሥቱን ካጸደቁት ዳኞችም መካከል ነበሩ። እ.ኤ.አ በማርች 2009 ወደ ወንበራቸው ከተመለሱ በኋላ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በየጉዳዩ እየገባ፣ በ2012 ጠቅላይ ሚኒስትር ጊላኒን ከሥልጣን እስከማንሳት ደረሰ። ዳኛው ልኩን አልፏል ያሉ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም፤ አንዳንዶቹም ትናንት አብረዋቸው ሲሰለፉ የነበሩ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም የፖለቲካ ፓርቲ አቋቋሙ።

ዳኛም ነፍስ አለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዳኞች ሦስት እንደሆኑ፣ ሁለቱ የእሳት አንዱ የጀነት መሆናቸውን የነገሩን ለዚህ ነው። እኛ የምንከላከለው ወንበሩን ነው። የተቀመጠበት ሰው ሲያጠፋ ይጠየቃል፤ ግን በሥርዓት፣ በግልጽ፣ በአቻዎቹ ፊት ይጠየቃል እንጂ በጦር ካምፕ ውስጥ አይደለም።

▪️ ካቴና የሌለው እስር

ሙሻረፍ የዋህ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዳኛን በፖሊስ አሰረና ዓለም አየው። የዛሬዎቹ ብልጥ ሆነዋል። ሕጉን ራሱን ይለውጡታል።

በማርች 2024 ስድስት የኢስላማባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች የስለላው ድርጅት በሥራችን እየገባ ነው ብለው በጽሑፍ አቤት አሉ። በኦክቶበር 2024 26ኛው ማሻሻያ መጣ። ከዚያ በፊት ዋና ዳኛ የሚሆነው በአገልግሎት ቀዳሚው ዳኛ ነበር። አሁን ከቀዳሚዎቹ ሦስቱ አንዱን የፓርላማ ኮሚቴ ይመርጣል ተባለ። ወዲያውም ተራቸው የነበረው መንሱር ዐሊ ሻህ ታለፉ። ከዓመት በኋላ 27ኛው መጣ። ማንም አልተደበደበም፤ ማንም ፀጉሩን አልተጎተተም። ወንበሩ ግን ከሥሩ ተነሳ።

ይህን ያደረጉትስ እነማን ናቸው? በ2009 ለዳኛው መመለስ ታላቁን ሰልፍ የመራው ናዋዝ ሸሪፍ ነበር። ማሻሻያዎቹን ያመጣው የእሱ ፓርቲ መንግሥት ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ወንድሙ ሸህባዝ ነው። ይኸው ፓርቲ በ1997 ሥልጣን ላይ ሳለ ደጋፊዎቹ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን በጉልበት ሰብረው ገብተው ነበር። በሥልጣን ላይ ሆኖ ፍርድ ቤት ሰበረ፤ ከሥልጣን ሲወርድ ለፍርድ ቤት ተሰለፈ፤ ሲመለስ መልሶ ሰበረ። በ2008 በ30 ቀን ውስጥ ዳኞቹን እንመልሳለን ብሎ ፈርሞ አንድ ዓመት ያቆየው የዘርዳሪ ፓርቲም ማሻሻያዎቹን አብሮ ደግፏል።

በአንጻሩ በኖቬምበር 2025 ሥራ የለቀቁት አጥሀር ሚነላህ በ2007 የዋናው ዳኛ ቃል አቀባይ ሆነው ከጠበቆቹ ጋር የተሰለፉ ሰው ናቸው። ወንበር ይዘውም ያንኑ ቃል ተናገሩ። ሰውን የምትለካው በዚህ ነው፦ ሥልጣን ሲያጣ የተናገረውን ሥልጣን ሲያገኝ ይደግመዋል ወይ?

▪️ ለእኛስ?

«ፓኪስታን ሩቅ ናት» እንዳትለኝ። በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉን። ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስ፣ በወቅፍ ጉዳይ ቃዲዎች ይዳኙናል። እዚያ የምንሠራው ምንድን ነው? ቃዲው ለእህታችን የውርስ ድርሻዋን ሲፈርድላት «ቃዲው ገንዘብ በልቷል» የሚል ማን ነው? ከችሎት በፊት ሽማግሌ ልኮ፣ ስልክ አስደውሎ፣ «የእኛ ልጅ ነው አስብለት» የሚል ማን ነው? ሙሻረፍ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ጦር ነበረው፣ እኛ ዘመድ አለን።

ስለዚህ ወንድሜና እህቴ፦

1️⃣ መሪን በንግግሩና በጦሩ ብዛት አትለካው። ሲፈረድበት ምን እንደሚያደርግ ተመልከት።

2️⃣ የተበደለ ሰው ዳኛ ሲያገኝ ደስ ይበልህ፤ የዳኛውን ልብስና ቋንቋ አትቁጠር።

3️⃣ የምትደግፈው ወገን ዳኛን ሲጫን ከሁሉ ቀድመህ አንተ ተቃወም። የጠላትህን ዙልም ማውገዝ ማንም ይችላል።

4️⃣ የፈረደብህን ቃዲ ስሙን አታጥፋ። ይግባኝ ካለህ በሥርዓቱ ጠይቅ፤ ከሌለህ የአላህን ውሳኔ ተቀበል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ማኢዳ ለሰዎች ያለን ጥላቻ እንኳ ከፍትሕ እንዳያወጣን አስጠንቅቆናል። ለሰዎች ያለን ፍቅርስ ቢያወጣን ምን ልንመልስ ነው?

ያ አላህ! በዙልም የታሰሩትን ሁሉ ፍታልን። የጠፉትን ለእናቶቻቸው መልስ። ለኡማው በፊታቸው ሐቅ ሲነገር የማይቆጡ መሪዎችን፣ ከአንተ በቀር ማንንም የማይፈሩ ዳኞችን ስጠን። እኛንም የፍርድ ቀን ዳኛው አንተ ብቻ ስትሆን ከማያፍሩት አድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ለወንድምና እህቶቻችሁ ሼር አድርጉት፤ የተሳሳትኩት ካለ በአደብ አርሙኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።